ቡችላው ለፋሲካ ኪኔሬት ይሄዳል ወይ?

ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በረሖቮት፣ ኪርያት ሞሼ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሣ። የክርክሩ ምክንያት ቡችላ ነው። የ12 ዓመቷ የልጅ ልጅ ከክፍል ጓደኛዋ የተሰጣት የስምንት ሳምንት ቡችላ አላት። ቤተሰቡ ደግሞ በሆል ሃሞዔድ ኪኔሬት ዳር ድንኳን ተክሎ ሦስት ሌሊት ለማደር ተዘጋጅቷል። ልጅቱ "ያለ እሱ አልሄድም" አለች። እናቷ በበኩሏ በገመድ አስረን እንወስደዋለን፣ ምን ይሆናል ባይ ናት። ከማእድ ቤት ሆነው ሲሰሙ የነበሩት አያት እጃቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ተከትቧል?"

አልተከተበም። አንድም መርፌ አልተወጋም።

"እንግዲያውስ ከልጆቼ ጋር ድንኳን ውስጥ አይተኛም" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ልጅቱ አኮረፈች። አያቷ ውሻ ስለማይወዱ ነው ብላ አሰበች። እውነት ነው፣ ጎንደር ገጠር ያደጉ አባቶችና እናቶች ውሻን የሚያውቁት በደጅ ነው። ጅብና ሌባ እንዲጠብቅ አጥር ጥግ ያድራል፣ ትርፍራፊ ይጣልለታል፣ መደብ አጠገብ ግን ድርሽ አይልም። እዚህ አገር ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሲያዩት ብዙዎቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። የእኚህ አያት ነገር ግን ሌላ ነው። ልጅ ሳሉ በመንደራቸው አንድ የጎረቤት ልጅ ውሻ ነክሶት ነበር። ደም እንኳ ብዙ አልወጣውም፣ ቁስሉም ዳነ። ከወር በላይ ቆይቶ ልጁ ውሃ ሲሰጡት ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሥር መድኃኒት ተፈለገ፤ ክሊኒክ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ነበር። የቀረውን አያት አይናገሩም።

በዕብራይስጥ ካሌቬት የሚባለው የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እስራኤልም ከዚህ በሽታ ነፃ አይደለችም። በ1996 እና በ1997 ሦስት ሰዎች ሞተውበታል። ከ1998 ወዲህ ክትባት የተደበቀበት ምግብ በአውሮፕላን በየሜዳው እየተበተነ የዱር አራዊት እንዲበሉት ይደረጋል፣ በዚህም በሽታው በእጅጉ ቀንሷል። ሆኖም በ2017 መጨረሻና በ2018 በሰሜን፣ በቤት ሼአንና በጊልቦዓ በኩል፣ እዚህ ‹ታኒም› በሚባሉት ቀበሮዎች ላይ እንደገና ተነሥቶ ነበር። ቦታው ከኪኔሬት ሩቅ አይደለም።

ኪኔሬት ዳር አድሮ የሚያውቅ ሰው ቀበሮ ሲጮህ ሳይሰማ አይቀርም። ማንጋሉ ካለቀ በኋላ አጥንትና ቆሻሻ ሸቷቸው ድንኳን አጠገብ ድረስ ይመጣሉ። ባለቤት የሌለው ድመትም ውሻም ይዞራል። ትልቅ ውሻ ይጮህባቸዋል፤ ቡችላ ግን ሊጫወት ይሮጣል። በጨለማ ነክሶት የሄደውን እንስሳ ማን ያየዋል? ጠጉሩ ሥር ያለች ትንሽ ንክሻም አትታይም። ጠዋት ተነሥቶ የልጅቱን ፊት ይልሳል።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። "እንግዲያው ነገ ወስደን እናስከትበው" ቢባል አይሆንም። የካሌቬት ክትባት የሚሰጠው ውሻው ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ ከቆዳው ሥር የሚገባው መለያ ቺፕና የከተማው ፈቃድም ከዚያው ጋር ነው የሚመጡት። ከተወጋም በኋላ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪያበጅ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የስምንት ሳምንት ቡችላ፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ገንዘብ ብትከፍል፣ ለዘንድሮ ፋሲካ አይደርስም። ያልተከተበ ውሻ ካበደ እንስሳ ጋር ከተነካካ ደግሞ እንዲገደል ሊታዘዝ ይችላል። ይህን ለልጅቱ የነገራት ሰው አልነበረም። ስትሰማ ማኩረፏን ተወች።

ሌላው አደጋ ለቡችላው ለራሱ ነው። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ሰውን አይዝም፤ ቡችላን ግን በትውከትና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል። የታመመ ውሻ የተጸዳዳበት አፈር ደርቆ ንጹሕ ቢመስልም ቫይረሱ እዚያው ለወራት ይቆያል፣ በጫማም ይመጣል። ለዚህ ‹ሜሹሻ› የሚባለው ክትባት አለ። እሱም አንዴ ተወግቶ የሚበቃ አይደለም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ይጀመርና በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ገደማ ይዘልቃል። ምክንያቱን ከብት ያረባ ሰው ቶሎ ይረዳዋል፦ እንገር ነው። ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ያከሽፈዋል፣ የሚያልቅበት ጊዜ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ለዚህ ነው የሚደጋገመው።

ይህ ማለት ግን እስከዚያ ቤት ዘግቶ ማሳደግ አይደለም። ቡችላ ሰውን፣ መኪናን፣ ጫጫታን የሚለምደው ከሦስት ሳምንት እስከ 14 ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ያን ጊዜ ተዘግቶ ያደገ ውሻ ኋላ ፈሪና ተናካሽ ሊሆን ይችላል። ታቅፎ ሰፈሩን ማየት፣ የተከተበ ውሻ ያለው ዘመድ ቤት መሄድ ምንም አይደለም። ሜዳ ላይ ሦስት ሌሊት፣ አፍንጫው አፈር ላይ፣ የማን እንደሆነ በማይታወቅ ፋንድያ መሃል ማደር ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ደግሞ ብዙ የተፈጥሮ ጥበቃ ቦታዎች የተከተበም ቢሆን ውሻ አያስገቡም፤ ከመነሣት በፊት ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከውሻው ጋር ወጥቶ ያለ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ሰው በማይታወቅ እንስሳ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፣ ትንሽ ናት ተብሎ አይታለፍም። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ሚውን ወይም ወደ ጤና ሚኒስቴር ቢሮ፣ ወደ ሊሽካት ሀብሪኡት መሄድ ነው። ድሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረው መርፌ ቀርቷል። አሁን ክንድ ላይ የሚሰጡ ጥቂት መርፌዎች ናቸው፤ ምልክት ሳይታይ በጊዜው ከተጀመሩ ያድናሉ።

የረሖቮቶቹ ጉዳይ ቡችላው የት ይቆይ ወደሚለው ዞረ። የውሻ ማቆያ ቤቶች፣ ፔንሲዮን የሚባሉት፣ ባብዛኛው የክትባት ደብተር ይጠይቃሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ለበዓል ወጥቷል። በመጨረሻ እናትየዋ ወደ አያት ቀረበች፣ እየፈራች።

"እኔ ቤት? በፋሲካ?" አሉ አያት።

ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። ከውሻ ምግብ ብዙው ስንዴ ወይም ገብስ አለበት፤ ሐሜጽ ነው፣ በፋሲካ ቤት ውስጥ መኖሩ ራሱ ክልክል ነው። ፋሲካ ሲደርስ የሸክላ ዕቃቸውን ሁሉ አዲስ ሲሠሩ ያደጉ ሰው ይህን እንዴት ይቀበሉ? ለፋሲካ ኮሼር የሆነ የውሻ ምግብ ግን ይሸጣል። የቡችላ ሆድ ድንገተኛ ለውጥ ስለማይችል ከበዓሉ ሳምንት በፊት ጀምሮ ከድሮው ጋር እየቀላቀሉ፣ አዲሱን በየቀኑ እያበዙ መለወጥ ነው። ልጅቱ ይህን ራሷ አደረገች። የመጀመሪያዋን የሜሹሻ መርፌም በዚያው ሳምንት አስወጋችው። ሦስት ወር የሚሞላበትን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ አክብባ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

አያት ተስማሙ፣ በአንድ ቃል ግን፦ "ሚርፔሴት ላይ ነው። ቤት አይገባም።"

ቤተሰቡ ሄደ። የመጀመሪያውን ሌሊት ቡችላው እስኪነጋ አለቀሰ። በሁለተኛው ሌሊት ልጅቱ ከኪኔሬት በቪዲዮ ስትደውል የታየው ሚርፔሴቱ አልነበረም፤ የሳሎኑ ምንጣፍ ነበር።

"እምዬ፣ ውስጥ ነው እንዴ?"

"ጎረቤት ተኝቷል፣ ምን ላርግ" አሉ አያት፣ ስልኩንም ወደ ጣሪያው አዞሩት።