የተለገሰ ሳንባ፦ ቅዝቃዜና ፈሳሽ የደም ሥሮቹን እንዴት ይጠብቃሉ?

ከለጋሽ የተወሰደ ሳንባ ለታማሚ እስኪተከል ድረስ ለሰዓታት ያለ ደም ዝውውር ይቆያል። በዚህ ጊዜ ለጉዳት ይበልጥ ከሚጋለጡት መካከል የደም ሥሮችን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍኑት ስስ ህዋሳት ይገኙበታል። እነዚህ ህዋሳት የደም ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶች እንዳይሰርግ ይከላከላሉ፤ የደም ሥሮችን መስፋትና መጥበብም ይቆጣጠራሉ።

ቲማቲም ከተለቀመ በኋላም እንደሚተነፍስ ሁሉ፣ ከአካል የተለየ ሳንባም ኃይል መጠቀሙን አያቆምም። ቅዝቃዜ ይህን ፍጆታ ይቀንሳል። ስለሆነም የሳንባው የደም ሥሮች በቀዝቃዛ ማቆያ ፈሳሽ ይታጠባሉ፤ ከዚያም ሳንባው በአየር እንደተነፋ በበረዶ ሣጥን ይቀመጣል።

ሆኖም ቅዝቃዜው ራሱ ጉዳት አለው። ሶዲየምን ከህዋስ የሚያስወጣውና ፖታሲየምን የሚያስገባው ሥርዓት ሲቀዘቅዝ ይዳከማል። በዚህም ሶዲየምና ውኃ ወደ ውስጥ ስለሚገቡ ህዋሱ ያብጣል።

ይህን ለመከላከል ቀደም ሲል እንደ ዩሮ-ኮሊንስ ያሉ፣ ከፍተኛ ፖታሲየም የያዙ ፈሳሾች ያገለግሉ ነበር። መነሻቸው የኩላሊት ማቆያ የነበረው እነዚህ ፈሳሾች በሳንባ ላይ ሌላ ችግር አስከተሉ። የፖታሲየም ብዛት የደም ሥሮችን ስለሚያኮማትር ፈሳሹ ሁሉንም የሳንባ ክፍል በእኩል አያዳርስም፤ የግድግዳውን ህዋሳትም ይጎዳል። በመሆኑም አነስተኛ ፖታሲየምና ዴክስትራን የተባለ ውሁድ ያለው ፈሳሽ ተመራጭ ሆነ። ዴክስትራን ውኃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ በማቆየት እብጠትን ይቀንሳል፤ የደም ህዋሳት ተጣብቀው ጠባብ ሥሮችን እንዳይዘጉም ይረዳል።

ከባዱ ፈተና ከተከላው በኋላ ደም ሲመለስ ይመጣል። ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ነጭ የደም ህዋሳት በተጎዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ፈሳሽም ወደ አየር ከረጢቶች ይሰርጋል። በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት የሚከሰተው ይህ ችግር ታማሚውን ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ለረጅም ዓመታት የተለመደው የማቆያ ሙቀት 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነበር። ነገር ግን ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቀመጥ ልጣጩ እንደሚጠቁር ሁሉ፣ ለሳንባም ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ አይጨምርም። በካናዳ ቶሮንቶ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በ10 ዲግሪ የቆዩ የአሳማ ሳንባዎች በ4 ዲግሪ ከቆዩት በተሻለ የህዋሳታቸውን ኃይል አመንጪ ክፍሎች ጤንነት እንደጠበቁ አሳይቷል። በጥቂት ታማሚዎች ላይም በዚሁ መንገድ የቆዩ ሳንባዎች ተተክለዋል።

የማቆያ ጊዜው በረዘመ መጠን ከሩቅ ቦታ የተገኘ ሳንባ ለታማሚ የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል፤ በሌሊት የደረሰው ሳንባም ያረፈ የቀዶ ሕክምና ቡድን እስኪገኝ ድረስ እስከ ንጋት ሊጠብቅ ይችላል።