ተማሪው ስንት ዓመቱ ነው?

ጀጎል ውስጥ ላደገ ልጅ የመጀመሪያው ሜዳ መንገዱ ነው። ግንቡ ዙሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆንም ውስጡ ቤት ከቤት ተደጋግፎ የቆመ ስለሆነ የካልሲ ኳስ የሚጠለዘው ከግድግዳ ግድግዳ ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ይታወሳል፤ እንግዲህ ለሜዳ ተብሎ አይፈርስም። ሰፊው ሜዳ ከግንቡ ውጪ ነው። የመድኃኔዓለም ወይም የአቦከር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ማልያ የለበሰ ልጅ ትምህርት ቤቱን፣ ከቀናው ደግሞ ክልሉን ወክሎ የመሰለፍ ተስፋ አለው።

ከመሰለፉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ስንት ዓመትህ ነው?

ቀላል ትመስላለች። ግን ቡድን መሪዎችን እንደዚች ጥያቄ ያጨቃጨቀ ነገር የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ያሉት ተማሪዎች ግን ከዚያ ቀን በፊት የተወለዱ ናቸው። ብዙዎቹ የልደት ወረቀት ቢይዙም የወጣው ከተወለዱ ከዓመታት በኋላ ነው። ቀኑን የነገረው ወላጅ ወይም ራሱ ልጁ ነው፤ ታዲያ ማን ያረጋግጥ?

አንጀት የሚበላው የአጭበርባሪው ጉዳይ አይደለም። ከሶፊ፣ ከኤረር ወይም ከድሬ ጥያራ ገጠር የሚመጣ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በዘጠኝ ወይም በአሥር ዓመቱ አንደኛ ክፍል ሊገባ ይችላል። ዘጠነኛ ሲደርስ 17 ወይም 18 ዓመት ሆነው ማለት ነው። ተማሪነቱ የእውነት ነው፣ ማንንም አላታለለም። ግን ውድድሩ «ከ17 ዓመት በታች» ከተባለ እውነቱን ሲናገር ይወጣል፣ ሲዋሽ ይገባል። በክፍል ይመዘን ወይስ በዕድሜ?

ይሄን መመለስ ያለበት አካል ደግሞ አንድ አይደለም። የተማሪው መዝገብ ያለው ትምህርት ቤት ነው፣ ትምህርት ቤቱን የሚመራው ትምህርት ቢሮ ነው፣ ውድድሩ ሲመጣ ደግሞ የስፖርቱ መሥሪያ ቤት አለበት። የ1990ው ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲ ስፖርት በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታና በመኖሪያ አካባቢ ይስፋፋ ይላል። በፌዴራል ደረጃ የስፖርቱ ቤት ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ብቻ አንዴ ሚኒስቴር፣ አንዴ ኮሚሽን እየተባለ መጥቶ በ2014 ዓ.ም. ባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ሆኗል። ታፔላ ሲቀየር ፋይል የት እንደሚገባ እኛ አገር ያልገጠመው የለም።

አሜሪካኖቹ ይሄን ሥራ ለአንድ አካል ሰጥተውታል። በየስቴቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ማህበር አለ፤ አባላቱ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ዕድሜን፣ ዝውውርንና ቅጣትን የሚወስነው እሱ ነው። በብዙዎቹ ስቴቶች የትምህርት ዘመኑ ሳይጀመር 19 የሞላው አይሰለፍም፤ ዘግይቶ ትምህርት ለጀመረ ልጅ ይሄ ከ17 ይሻላል። ማህበሩም ይከሰሳል። ቴኔሲ ውስጥ ብሬንትውድ የተባለ የግል ትምህርት ቤት ተጫዋች አባብለሃል ተብሎ ሲቀጣ ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2001 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ማህበሩ እንደ መንግሥት አካል ይታያል፣ ሕገ መንግሥቱም ይገዛዋል አሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋናው ክርክር ላይ ያሸነፈው ማህበሩ ሆነ። ያም ሆኖ ቅሬታው የሚሰማበት በር ነበረው። እዚህ ከቡድን የተቀነሰ የኤረር ልጅ የትኛውን ቢሮ ያንኳኳ?

ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል። ለወረዳ ውድድር ይሄ አይታሰብም። ግን የተማሪ ኳስ ድሮ እንደነበረው ትንሽ አይደለም። ካፍ ያዘጋጀው የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና ፍጻሜ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ደርባን ላይ ሲካሄድ በወንዶች የጊኒ፣ በሴቶች የታንዛኒያ ትምህርት ቤት ዋንጫውን ወስደዋል። ለአሸናፊ ትምህርት ቤት የተመደበው 300 ሺህ ዶላር ነበር። ይሄ ሁሉ ብር ያለበት ቦታ የልደት ወረቀት በደንብ ይገላበጣል።

ምዝገባው ሲጀመር የተወለዱት ልጆች በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ከገቡ ዘጠነኛ ክፍል የሚደርሱት በ2024 ዓ.ም. ገደማ ነው። እስከዚያው የስም ጥሪ ደብተሩን የያዘው የክፍል ኃላፊ መምህር አለ።