የተሰረቀ ሰው ስለ ምን ይወቀሳል? የሀዋታ ገበያና የጥንቃቄ ዕዳ

ሀዋታ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት በረሃድ ወንዝ ዳር የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ረሃድ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ፥ በአገራችን ቆላ ሽንፋ እየተባለ ወርዶ፥ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ በሀዋታ አጠገብ አልፎ ከዓባይ ጋራ የሚገናኝ፥ በክረምት የሚሞላ፥ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። በከሰላ በኩል የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ገዳሪፍ፥ በ1929 ደግሞ ሰናር በደረሰ ጊዜ ሀዋታም በዚሁ መሥመር ላይ ከሚገኙት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮም በገዳሪፍ ሜዳ በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ እየተስፋፋ ስለ ሄደ፥ በመከር ወራት በዚህ አገር ብዙ እህል፥ ብዙ ገንዘብና ብዙ እንግዳ ሰው በአንድነት ይሰበሰባል። እህልና ገንዘብ በተሰበሰበበት ሥፍራ ሁሉ ሌባ መምጣቱ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ስለ ሌብነት የሚደረገው ክርክር በእንደዚህ ያለ ከተማ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም፤ የነጋዴ ካፒታል፥ የዳኛ ፍርድና የአስተዳዳሪ ስም የሚያርፍበት ጉዳይ ነው። ክርክሩም ይህ ነው፦ አንድ ሰው ሲሰረቅ፥ መጠንቀቅ ሲገባው ሳይጠነቀቅ ቀርቷል ተብሎ ጥፋቱ በእርሱ ላይ ሊቆጠር ይገባልን? ወይስ ጥፋቱ ፈጽሞ የሌባው ብቻ ነው?

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንድ የሎሪ ነጂ በኅዳር ወር ሰሊጥ ጭኖ ሲጓዝ መሸበትና ከገበያው ዳር መኪናውን አቁሞ ከጭነቱ ላይ ተኛ እንበል። ሌሊት የሎሪው መስተዋት ተሰብሮ፥ በወንበሩ ሥር የነበረው የሽያጭ ገንዘብና የጭነቱ ሰነድ ተወሰደበት። ሲነጋም ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ገንዘብ በመኪና ውስጥ ያድራልን?» ይላል። ሌላው «ዘበኛ ሳይቀጥር እንዴት ይተኛል?» ይላል። ሦስተኛው «ከሌሎቹ ሎሪዎች ጋራ ቢያድር ኖሮ ይህ ባልደረሰበት» ይላል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሌባው ወዴት እንደ ሄደ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። የተበደለው ሰው በመካከላቸው ቆሞ መልስ የሚሰጥ ተከሳሽ ሆነ፤ በደለኛው ግን ጥያቄ ሳይደርስበት መንገዱን ቀጠለ።

«ደጁን ሳይዘጋ ሰውን ሌባ ይላል» የሚለው አባባል ከዚህ ዓይነቱ ወቀሳ የወጣ ነው። አባባሉ ሰውን ለጥንቃቄ የሚያነቃ እስከ ሆነ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ደጁ የተከፈተ ቤት የባለቤቱ ቤት መሆኑ አይቀርም። በተከፈተ ደጅ የገባም ሰው እንግዳ ተብሎ አይጠራም፤ ሌባ ነው እንጂ። ስለዚህ በዚህ ነገር ውስጥ ሁለት ዕዳዎች እንዳሉ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የበደል ዕዳ ነው፤ ይህም የሌባው ነው። ሁለተኛው የጥንቃቄ ዕዳ ነው፤ ይህም ንብረት ያለው ሰው ለራሱ፥ ለቤተ ሰቡና ዕቃውን በአደራ ለሰጡት ሰዎች ያለበት ነው። ሁለተኛው ዕዳ ሳይከፈል ቢቀር አንደኛው አይቀነስም። ስሕተቱ የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ተደርገው የተመዘኑ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ልዩነት የቀድሞ ሕጎችም ያውቁታል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ ወይም ዕቃ ቢሰረቅ ሌባው ሲገኝ ዕጥፍ እንዲከፍል ተደንግጓል። ሌባው ያልተገኘ እንደ ሆነ ግን አደራ ተቀባዩ እጁን በባልንጀራው ንብረት ላይ አለመዘርጋቱን በዳኞች ፊት ያረጋግጣል፤ እንዲጠብቅ የተሰጠው እንስሳ ከእርሱ ዘንድ ቢሰረቅም ለባለቤቱ ይከፍላል። እንግዲህ ሌባውና ጠባቂው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዕዳ ይጠየቃሉ፤ አንዱ በሌላው ስም አይጠየቅም።

በሱዳን የሚሠራበት የእስልምና ሕግ ደግሞ ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ አብራርቶ አስቀምጦታል። ሱዳን በ1983 የእስልምናን የወንጀል ቅጣት በሕግ አውጃ፥ በ1991 በወጣው የወንጀል ሕጓም አጽንታዋለች። በዚህ ሕግ ከባዱ የስርቆት ቅጣት እንዲፈረድ ዕቃው ከተወሰነ ዋጋ በታች ያልሆነና «ሒርዝ» ከሚባለው ከመጠበቂያው የወጣ መሆን አለበት። የሕግ ሊቃውንት እንደሚሉት ሒርዝ ማለት በአገሩ ልማድ እንደ ዕቃው ዓይነት ዕቃ የሚጠበቅበት ሥፍራ ነው፤ የከብት መጠበቂያ በረት፥ የገንዘብ መጠበቂያ ሣጥን ነው። ዕቃው በሜዳ ላይ ቢሆንም ጠባቂ ያለው እንደ ሆነ ጠባቂው ራሱ መጠበቂያ ይሆናል። ስለዚህ ነገር በሐዲስ መጻሕፍት የተዘገበ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ሰፍዋን የተባለ ሰው ኩታውን ከራሱ በታች አድርጎ በመስጊድ ተኝቶ ሳለ ሌባ ወሰደበት፤ ሌባውም ተይዞ በነቢዩ ፊት ቀርቦ ተፈረደበት። ሰውዬው መተኛቱ የሌባውን በደል አላቀለለውም፤ ከራሱ በታች ያደረገው ልብስ እንደ ተጠበቀ ተቈጠረለት እንጂ።

በዚህ ሕግ ዕቃው ከመጠበቂያው ውጭ የተገኘ እንደ ሆነ የቅጣቱ ዓይነት ይለወጣል፤ ዳኛው እንደ ነገሩ ሁኔታ የሚወስነው ሌላ ቅጣት ይፈረድበታል። ነገር ግን ወሳጁ ንጹሕ ነው አይባልም፤ ዕቃውም ለባለቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ በጭነቱ ላይ የተኛው የሀዋታ ሎሪ ነጂ በዚህ ሚዛን ሲመዘን፥ በአገሩ ልማድ እንደ ማንኛውም ነጂ ጭነቱን የጠበቀ ሰው ነው እንጂ ንብረቱን የጣለ ሰው አይደለም።

የኢትዮጵያም ሕግ በሌላ መንገድ ሄዶ ወደዚሁ አሳብ ይደርሳል። በወንጀል ሕግ ረገድ የሌላውን ሰው ንብረት አለፈቃዱ መውሰድ ስርቆት ነው፤ የባለቤቱ ቸልተኝነት ለሌባው መከላከያ አይሆነውም። የካሣ ነገር ሲሆን ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደረሰው ጉዳት ተጎጂው ራሱ በከፊል ጥፋት ያደረገ እንደ ሆነ የሚያገኘው ካሣ በከፊል እንደሚሆን ደንግጓል። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ኢንሹራንስ ሰጪው በባለ ውሉ ቸልተኝነት የደረሰውንም ጉዳት እንዲከፍል፥ ባለ ውሉ አስቦ ላደረሰው ጉዳት ግን እንዳይከፍል ለይቷል። ሕግ ሰው እንደሚሳሳትና እንደሚዘናጋ አስቀድሞ ያውቃል፤ ኢንሹራንስም የተፈጠረው ስለዚሁ ነው። መዘናጋትን ከክፋት ጋራ አንድ አድርጎ የሚቈጥር ሕግ የለም፤ እንዲህ የሚያደርገው የገበያ ወሬ ነው።

በጥንቱ የኢትዮጵያ ልማድ ወንጀል ሠሪው ያልታወቀ እንደ ሆነ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይደረግ ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ ባንድ ሥፍራ ተሰብስቦ፥ በደለኛው እስኪወጣ ድረስ በዚያው ይቈያል፤ ያልወጣም እንደ ሆነ አገሬው ይከፍል ነበር። ይህ ሥርዓት ንጹሑን ሰው ከእርሻውና ከንግዱ የሚያስቀር ግፍ ነበረበት። ነገር ግን አንድ መልካም አሳብ በውስጡ አለ፤ የተሰረቀው ሰው ብቻውን አይተውም፤ ሌባውን የማወቁ ሸክም በጎረቤትና በአገር ላይ ይወድቃል። ዛሬ የዚያ ሸክም ወራሽ ፖሊስና የከተማ አስተዳደር ነው።

ሰው የተበደለውን ለመውቀስ የሚፈጥንበት ምክንያት ክፋት ብቻ አይደለም። ሜልቪን ለርነርና ካሮሊን ሲመንስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1966 ባሳተሙት ጥናት፥ አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትሠቃይ እናያለን ብለው የሚያምኑ ተመልካቾች ሥቃይዋን ሊያስቀሩላት ባልቻሉ ጊዜ እርስዋን ራስዋን ማናናቅ እንደ ጀመሩ አሳይተዋል። ሥቃዩ በእውነት የተደረገ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ያወጡት ትምህርት፥ ሰው ዓለም ትክክለኛ ፍርድ ያለባት ናት ብሎ ማመን ስለሚወድ፥ ክፉ ነገር የደረሰበትን ሰው «የሚገባው ነው» ሲል ለራሱ ዕረፍት ያገኛል የሚል ነው። በሀዋታም ሎሪ ነጂውን የሚወቅሰው ነጋዴ በልቡ «እኔ እንደ እርሱ ስላልሆንሁ አልሰረቅም» ማለቱ ነው። በሚመጣው ሳምንት ግን ዘበኛ ቀጥሮም ሊሰረቅ ይችላል።

ይሁን እንጂ የጥንቃቄን ነገር ፈጽሞ መተው ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ሎውሬንስ ኮሄንና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 እንደ ጻፉት ስርቆት የሚሆነው ሦስት ነገሮች ባንድ ጊዜና ባንድ ሥፍራ ሲገናኙ ነው፤ ለመስረቅ የተዘጋጀ ሰው፥ ለመወሰድ የሚመች ዕቃ፥ የሚጠብቅም ሰው አለመኖር። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» እንደሚባለው የሌባውን ልብ ለመለወጥ ነጋዴው ኃይል የለውም። ዕቃው እንዳይመች ማድረግና ጠባቂ ማቆም ግን በከፊል በእጁ ነው። ገንዘብን ከሰነድ ለይቶ መያዝ፥ በየጆንያው ላይ ምልክት ማድረግ፥ የጭነቱን ቍጥር በሁለት ወረቀት ጽፎ አንዱን በጭነቱ ባለቤት ዘንድ ማስቀረት፥ ከሌሎች ሎሪዎች ጋራ ማደር፥ ዘበኛንም በምስክር ፊት መቅጠር ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። የሌላ ሰው ንብረት የጫነ ሰው ይህን ባያደርግ በአደራ ሰጪው ሊጠየቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ ግን በእርሱና በአደራ ሰጪው መካከል የሚቀር ነው፤ ሌባው ከዚህ ምንም ትርፍ አያገኝበትም።

ጥንቃቄም ወሰን እንዳለው መታወቅ አለበት። የገዳሪፍ መሬት መረሬ ነው። ዝናም ሲጥል ሎሪ በጭቃ ተይዞ ነጂው ባላሰበው ሥፍራ ያድራል፤ ያን ሌሊት «ለምን እዚህ አደርህ?» ብሎ መጠየቅ ዝናሙን እንደ መጠየቅ ነው። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከፋል። በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በአውሮፓ አቆጣጠር በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰዎች መኪናቸውንና የቤታቸውን ዕቃ በመሣሪያ ኃይል ተዘርፈዋል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፥ ማለት በሰኔ 2024 በአውሮፓ አቆጣጠር መጨረሻ፥ ጦርነቱ የሰናር ግዛት ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሲንጃ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ግዛት ሸሽቷል። ለእነዚህ ሰዎች የተቈለፈ ደጅ ምን ይጠቅማቸው ነበር?

ከድንበሩ በወዲህ በኩልም እንዲሁ ሆኗል። ከሱዳን ሸሽተው በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የሰፈሩ ስደተኞች ደጋግሞ ዝርፊያ ስለ ደረሰባቸው፥ በግንቦት 2024 በአውሮፓ አቆጣጠር መጀመሪያ ላይ ከሺህ የሚበልጡት አውላላን ለቀው በእግራቸው ወጥተው በመንገድ ዳር ሰፍረው ነበር። ከመጠለያ መውጣት አደጋ እንዳለበት አይካድም። ነገር ግን የወጡት በውስጥ ሳሉ ስለ ተዘረፉ ነው። «ለምን ወጣችሁ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ማን ዘረፋችሁ?» የሚለው ሊቀድም ይገባል፤ ሁለተኛው መልስ ሲያገኝ አንደኛው ምክንያቱን ያጣልና።

ለአስተዳዳሪ የጥያቄ ቅደም ተከተል ትንሽ ነገር አይደለም። የተሰረቀ ሰው ወደ ፖሊስ ጣቢያ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማው ወቀሳ የሆነ እንደ ሆነ በሁለተኛው ጊዜ አይመጣም። ይልቁንም ብዙ ገንዘብ የሌላት ሻይ ሻጭ፥ ቋንቋ የማያውቅ የቀን ሠራተኛና ስደተኛ በዝምታ መመለስን ይመርጣሉ። አቤቱታ ሲጎድል መዝገቡ ከተማው ሰላም ነው ይላል፤ በየትኛው ሰፈርና በስንት ሰዓት ስርቆት እንደሚበዛ የሚያውቅ ስለማይኖር ዘበኛው በማያስፈልግበት ሥፍራ ይቆማል። ከዚህ የሚጠቀመው ሌባው ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 29 ቀን 1985 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው የወንጀል ተጎጂዎች መግለጫ፥ ተጎጂዎች በርኅራኄና ክብራቸው በተጠበቀበት ሁኔታ እንዲስተናገዱ፥ በደለኛውም ባይያዝ እንኳ አንድ ሰው ተጎጂ ከመባል እንዳይቀር ያስታወቀው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ምክርና ምርመራ በየጊዜያቸው ይደረጉ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ስርቆቱ ከሆነ በኋላ የሚሰጥ የጥንቃቄ ትምህርት ለተሰረቀው ሰው አይጠቅመውም፤ ትምህርቱ መከር ሳይገባ፥ ሎሪዎች ሳይጫኑ፥ በገበያና በነጋዴዎች ማኅበር ሊነገር ይገባል። ስርቆቱ በሆነበት ቀን ግን የሚያስፈልገው ምን እንደ ተወሰደ፥ መቼ እንደ ተወሰደና ማን እንዳየ መጻፍ፥ ዱካም ሳይጠፋ መከተል ነው። ነጋዴው ደጁን ይዝጋ፤ ፖሊሱም ሌባውን ይፈልግ። አንዱ ሥራውን ባይሠራ ሌላው ከሥራው ነጻ አይወጣም፤ ሌባውም ከፍርድ አያመልጥም።