«ካስል» በአማርኛ ምን ይባላል?

በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ወጣት «ካስል» የሚለውን ቃል ባገኘ ጊዜ ብዙ ሳያስብ «ግንብ» ብሎ ያልፋል። ይህ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም፤ ጎንደርን ያየ ሰው ሁሉ የፋሲልን ግንብ ያውቃልና። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው ብሎ መደምደም ብዙ ያሳስታል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ሮማውያን ወታደሮቻቸው የሚሰፍሩበትን በቅጥር የተከበበ ስፍራ «ካስትሩም»፥ ትንሹን ደግሞ «ካስቴሉም» ይሉት ነበር። ማንቸስተርና ላንካስተር የተባሉት የእንግሊዝ ከተሞች የስማቸው መጨረሻ ከዚሁ ከጥንቱ የጦር ሰፈር የተገኘ ነው። ዐረቦችም ቃሉን ተቀብለው «ቀስር» አሉት፤ በግብፅ ያለችው ሉክሶር ስሟ «ቀስሮች» ማለት ነው ይላሉ የቋንቋ ሊቃውንት። ዐረቦች ስፔንን በያዙ ጊዜ ደግሞ ቃሉ «አልካሳር» ሆኖ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ ልብሱን ለውጦ በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ካስል የበዛው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም አገሩን ከያዘ በኋላ ነው። ከፊተኞቹ ብዙዎቹ ከዐፈርና ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ። እንግዲህ ካስልን ካስል የሚያሰኘው ድንጋዩ አይደለም፤ መኰንኑ ቤተ ሰቡን ይዞ የሚኖርበት ቤትና ጠላት ሲመጣ የሚመክትበት ምሽግ ባንድነት መሆኑ ነው።

የእኛ «ግንብ» ግን ስሙን ያገኘው ከአሠራሩ ነው። ግንበኛ ድንጋይ ደርድሮ በኖራ ያያያዘው ሁሉ ግንብ ይባላል። የባቢሎን ግንብ እንላለን፤ እርሱ ወደ ላይ የቆመ ነው። የቻይና ግንብ፥ የበርሊን ግንብ እንላለን፤ እነዚህ ደግሞ ወደ ጎን የተዘረጉ ናቸው። የጎረቤታችን አጥርም ግንብ ነው። «ግንብ ተሠርቷል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሹም አጥር ይሁን ቤት በምን ያውቃል? በጎንደር ላይ ቃሉ ያለ ጭንቀት የሚስማማው ዓፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ሕንፃ በኖራ የተገነባም፥ የንጉሥ መኖሪያም፥ በየማዕዘኑ ጉልላት ያለው ክብ ማማ የቆመለትም ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ያለ መገጣጠም ሁልጊዜ አይገኝም።

እንግሊዞች የማይሆን ነገር የሚመኘውን ሰው በአየር ላይ ካስል ይሠራል ይሉታል፤ ፈረንሳዮች በስፔን አገር ይሠራል ይላሉ። ይህን «በአየር ላይ ግንብ» እያሉ መተርጎም ምን ያስፈልጋል? «የሕልም እንጀራ» አለልን።

ለምሽግነቱ ያለን የቆየ ቃል «አምባ» ነው። አምባ ዙሪያው ገደል፥ አናቱ ሜዳ የሆነ፥ ግንበኛ ያልደከመበት ምሽግ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ቤተ ሰባቸውን፥ መጻሕፍታቸውን፥ መድፋቸውንና እስረኞቻቸውን ያኖሩት በመቅደላ አምባ ነበር፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ራሳቸውን የገደሉትም እዚያው ነው። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው ዐርፈው በዊንድሶር ካስል ተቀበሩ።

ይህን የሚጽፍ ሰው ምን ይበል? «በዊንድሶር ግንብ ተቀበሩ» ቢል፥ አንባቢው የግንብ መቃብር የተሠራላቸው ይመስለዋል። «ቤተ መንግሥት» ቢል ይሻላል፤ ነገር ግን ያው ዊልያም በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ባለው ጉብታ ላይ ያቆመው ምሽግ መሆኑ ይጠፋል። እኔ የምመርጠው «ካስል» የሚለውን የቦታው ስም አድርጎ ትቶ፥ «ምሽግ የነበረ፥ ዛሬም የንጉሥ መኖሪያ የሆነ» ብሎ አንድ ጊዜ መግለጥ ነው። ከአባታቸው አምባ የተወሰዱት ልጅ ያረፉት በድል አድራጊዎቹ ንጉሣውያን ምሽግ መሆኑን አንባቢው የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። ዐፅማቸው ወደ አገራቸው እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በግንቦት 2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም፤ በዚያው ስፍራ ያረፉትን የሌሎች ሰዎች ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ምክንያት ሰጥቷል።