ካልጠየቁት የማይመጣ ጡረታ

ጡረታ የሚለው ቃል «መጦር» ከሚለው ግስ የተገኘ ሲሆን፣ መጦር ማለትም ልጅ ወላጁን በእርጅናው ዘመን መግቦና አልብሶ መያዝ ስለ ሆነ፣ በእኛ ሰው ልቡና ጧሪ ያለው ሽማግሌ ማለት እጁን ለማንም ሳይዘረጋ ዕድሜውን በክብር የሚፈጽም ሰው ማለት ነው። ዛሬ ከአንባቢ ጋር ላስተዋውቀው የምሻው በምኖርበት በእንግሊዝ አገር ያወቅሁትን፣ ከጧሪዎች ሁሉ ዝምተኛውን፣ ይኸውም የአገልግሎት ዘመኑን ሳይፈጽም ከጦር ሠራዊት ለተሰናበተ ወታደር የሚቀመጠውን ጡረታ ነው፤ የአገሩ ሰዎችም «የተጠበቀ ጡረታ» ይሉታል።

መሠረቱ አጭር ነው። በቀድሞው ደንብ ተራ ወታደር ከ18 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ 22 ዓመት፣ መኮንን ደግሞ ከ21 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ 16 ዓመት ካገለገለ፣ ከተሰናበተበት ማግሥት አንሥቶ ጡረታውን ይቀበላል፤ ከዚያ በፊት የወጣው ግን በመዓርጉና በአገልግሎቱ ልክ ተሰልቶ እስኪሸመግል ድረስ ይቀመጥለታል።

በወታደሮች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ስሕተት አለ፤ እርሱም «22 ዓመት ያልሞላው ባዶ እጁን ይወጣል» የሚለው ነው። ይህን ስሕተት ለመንቀል የሚያስቸግረው ቀድሞ እውነት የነበረ መሆኑ ነው። እስከ 1975 ጸደይ ድረስ (ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጽፋለሁ) 21 ዓመት በበረሃና በባሕር ሲንከራተት ኖሮ አንዲት ዓመት የጎደለችው ወታደር፣ ለእርጅናው የሚሆን ጡረታ ሳይኖረው ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። በ1973 የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ግን ሠራተኛ ሥራውን ስለ ለቀቀ ብቻ ያፈራውን ጡረታ እንዳያጣ አዘዘ፤ ትእዛዙም ከኤፕሪል 6 ቀን 1975 ጀምሮ በሠራዊቱ ላይ ጸና። ከዚያ ዕለት ወዲህ የተሰናበተ ወታደር ዕድሜው 26 ከሞላና 5 ዓመት ካገለገለ ጡረታው ተጠበቀለት፤ ከኤፕሪል 6 ቀን 1988 ወዲህ ለወጡት ደግሞ 2 ዓመት ማገልገል በቂ ሆነ። ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ፣ ከ1975ቱ ዕለት አስቀድመው የወጡት እስከ ዛሬ ድረስ ከዚህ ማዕድ ውጭ ናቸው፤ ይህም ከሚያሳዝኑኝ ነገሮች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ከእነርሱ በኋላ የወጡት፣ ሕጉ እየተናገረላቸው የቀድሞውን ወሬ አምነው መብታቸውን መተዋቸው ይበልጥ ያሳዝነኛል።

ከእነዚህ አንዱ ጎረቤቴ ነበሩ። በ1969 በ18 ዓመታቸው ተመልምለው፣ 9 ዓመት አገልግለው በ1978 የተሰናበቱ እንግሊዛዊ ናቸው። በ2014 አንድ ቀን ሻይ ይዘን ስንጨዋወት ስለ ጡረታ ብጠይቃቸው፣ «እኔ እኮ 22 ዓመት አልሞላሁም፤ ምንም የለኝም» ሲሉ መለሱልኝ። የተሰናበቱት ከ1975 ወዲህ መሆኑን፣ በወጡም ጊዜ 27 ዓመት እንደ ነበሩ በጣቴ እየቈጠርሁ ባስረዳቸው ጊዜ፣ ዝም ብለው ተነሥተው ከመኝታ ቤታቸው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። በውስጡም ጠርዙ የተበላ ቀይ ደብተር ነበረ፤ እርሱም የአገልግሎት ምስክር ወረቀታቸው ነው። መለያ ቁጥራቸውን ላነብ ደብተሩን ስገልጥ ግን እርሳቸው ቀደሙኝ፤ ስምንቱንም አሃዝ፣ ከ36 ዓመት በኋላ፣ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላቸው ወረዱት።

ማመልከቻው «ቅጽ 8» ይባላል፤ የሚላከውም ወደ ግላስጎው ነው። የጡረታው መዝገብ ለረጅም ዘመን የኖረበት ሕንፃ በከተማይቱ ጠባቂ በቅዱስ ኬንቲገርን ስም የተሰየመ መሆኑን ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሱ ደረሰ። በቀድሞው ደንብ ጡረታው የሚከፈለው በ60 ዓመት ስለ ሆነ፣ ከ60ኛው ልደታቸው ወዲህ የተጠራቀመው፣ የዓመቱን ጡረታ 3 እጥፍ ከሆነው የአንድ ጊዜ ክፍያ ጋር አብሮ መጣላቸው። በ1978 የተሰላው ትንሽ ገንዘብም በዚያው አልቀረም፤ ከገበያ ዋጋ ጋር በየዓመቱ እየታደሰ ስለ ኖረ፣ 60 በሞሉ ጊዜ ከ4 እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ገንዘቡ ሲያድግላቸው ኖሯል፤ እርሳቸውን ፈልጎ በራቸውን ያንኳኳ ግን አልነበረም።

ከኤፕሪል 2006 በኋላ ለተፈጸመ አገልግሎት በቀድሞው ደንብ የሚከፈለው በ65 ዓመት ነው፤ በ2005 በወጣው ደንብም እንዲሁ 65 ሲሆን፣ በ2015 በወጣው ግን ማንኛውም ሰው የመንግሥትን ጡረታ ከሚቀበልበት ዕድሜ ጋር እኩል ነው። በሁለትና በሦስት ደንቦች ሥር ያለፈ ሰው እንግዲህ ሁለትና ሦስት ቀጠሮ ይኖረዋልና አንዱን ተቀብሎ ሌላውን እንዳይረሳ ይጠንቀቅ። የመንግሥቱን ጡረታ ስለ ተቀበለ የሠራዊቱም የተጨመረለት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ሁለቱ ግን መዝገባቸውም ማመልከቻቸውም ለየብቻ ነው።

ቤት በለወጡ ቁጥር አድራሻቸውን ሳያስታውቁ የሚቀሩትን ወታደሮች፣ የአባታቸውን ሣጥን ሲያጸዱ አሮጌ ወረቀት ነው ብለው ቀዩን ደብተር የሚጥሉትን ልጆችም መውቀስ ይገባኛል። ከሁሉ ይልቅ ግን የምወቅሰው «መለመን አልወድም» እያለ የሚቀረውን ኩሩ ሰው ነው። ጎረቤቴም መጀመሪያ ይህንኑ ብለውኝ ነበር። እኔም የመለስሁላቸው፣ ምጽዋት ማለት ሰጪው ቢፈቅድ የሚሰጠው፣ ባይፈቅድ የሚከለክለው ነው፤ ይህ ግን በወጣትነትዎ ዘመን ሠርተው ሳይቀበሉት የቀረ ደመወዝዎ ነው ብዬ ነው። እርሳቸውም ብዕሩን ከእጄ ተቀብለው ፈረሙ። ቀዩን ደብተር ግን ወደ ብስኩቱ ቆርቆሮ አልመለሱትም፤ ለልጃቸው ሰጥተው የሚቀመጥበትን መሳቢያ አሳዩአት።