ደመወዝ የሚከፈልበት የሙያ ለማጅነት በሶፍትዌር ማበልጸግ ዘርፍ፦ የሥልጠናውን ወጪ ማን ይሸከማል?

ወደ ሶፍትዌር ማበልጸግ ሙያ የሚያስገቡ መንገዶች ልዩ ልዩ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ፣ ጥቂት ወራት የሚፈጅ አጭር ኮርስ እና የግል ጥረት በብዛት የሚታወቁት ናቸው። በሦስቱም መንገዶች ወጪው የሚያርፈው በተማሪው፣ በቤተሰቡ ወይም በመንግሥት ላይ ሲሆን፣ አሠሪው ብቅ የሚለው ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ነው። ደመወዝ የሚከፈልበት የሙያ ለማጅነት ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ ለማጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውል ያለው ተከፋይ ነው፣ ሙያውንም የሚማረው እየሠራ ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ነገ ወደ ተፎካካሪ ድርጅት ሊሄድ የሚችልን ሰው አንድ ኩባንያ በራሱ ገንዘብ ስለ ምን ያሠለጥናል?

ጥያቄው በኢኮኖሚክስ ጥናት ውስጥ የቆየ ነው። ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው «ሂዩማን ካፒታል» አጠቃላይ ክህሎትን ለአንድ ድርጅት ብቻ ከሚጠቅም ክህሎት ለይቷል። በየትም ቦታ የሚያገለግል ክህሎት ሙሉ ዋጋው በተወዳዳሪ ገበያ ውስጥ ለሠራተኛው በደመወዝ መልክ ስለሚከፈል፣ አሠሪው ያወጣውን ገንዘብ የሚመልስበት መንገድ አይኖረውም። ስለዚህ በቤከር ስሌት ወጪውን የሚሸከመው፣ ብዙውን ጊዜም በሥልጠናው ወቅት ዝቅተኛ ደመወዝ በመቀበል፣ ሠራተኛው ራሱ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ ጃቫ ወይም ፓይተን የሚያውቅ፣ ዳታቤዝ የሚነድፍ ሰው ዕውቀቱን ይዞ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ይህን ንድፈ ሐሳብ በተግባር ለመፈተሽ የጀርመን ተሞክሮ ይጠቅማል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1997 «ፋኽኢንፎርማቲከር» የተሰኘውን ሙያ በጥምር የሥልጠና ሥርዓቷ ውስጥ አካተተች። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2020 ተሻሽሎ ሙያው በአራት ዘርፎች የተከፈለ ሲሆን፣ አንዱ አፕሊኬሽን ማበልጸግ ነው። ሥልጠናው በመደበኛነት 3 ዓመት ይፈጃል። ለማጁ አብዛኛውን ጊዜውን በድርጅቱ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ያህል ደግሞ በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ የትምህርት ቤቱ ጊዜ ለተከታታይ ሳምንታት ተጠቃሎ የሚሰጥባቸው አካባቢዎችም አሉ። የክፍያው ወለል በሕግ ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥልጠና የጀመረ ለማጅ በመጀመሪያው ዓመት በወር ከ515 ዩሮ፣ በ2025 የጀመረ ደግሞ ከ682 ዩሮ ያላነሰ ያገኛል። ወለሉ በሁለተኛው ዓመት በ18 በመቶ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከመነሻው በ35 በመቶ ከፍ ይላል። ይህ ከአንድ ፕሮግራመር ደመወዝ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ለማጁ የወጪውን ከፊል እንደሚጋራ ቤከር የተናገረው እዚህ ላይ ይታያል።

ወሳኙ ጉዳይ ግን የክፍያው መጠን አይደለም፤ በውሉ ውስጥ መጻፍ የማይፈቀደው ነገር ነው። በጀርመን የሙያ ሥልጠና ሕግ መሠረት ለማጁ ለሥልጠናው ካሣ እንዲከፍል የሚያስገድድ ስምምነት ዋጋ የለውም። ከሥልጠናው በኋላ ሙያውን በሌላ ቦታ እንዳይሠራበት የሚያግደውም እንዲሁ ነው፤ በድርጅቱ ተቀጥሮ ለመቀጠል አስቀድሞ ግዴታ መግባት የሚችለው በሥልጠናው የመጨረሻ ስድስት ወራት ውስጥ ብቻ ነው። የሙከራ ጊዜው ከአንድ ወር ያላነሰ፣ ከአራት ወር ያልበለጠ ነው። ከዚያ በኋላ አሠሪው ያለ ከባድ ምክንያት ውሉን ሊያቋርጥ አይችልም፤ ለማጁ ግን ሙያውን መተው ወይም መለወጥ ከፈለገ የአራት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይወጣል። ሕጉ ሚዛኑን ሆን ብሎ ወደ ለማጁ አጋድሎታል። «ካሠለጠንኩህ ሁለት ዓመት ታገለግለኛለህ፣ አለዚያ ገንዘቤን ትመልሳለህ» የሚል ውል የተለመደባቸው አገሮች ሥርዓቱን ሲቀዱ መጀመሪያ የሚዘነጉት ይህን ክፍል ይመስላል።

እንዲህ ከሆነ ድርጅቶቹ ለምን አይሸሹም? የጀርመን ፌዴራል የሙያ ትምህርትና ሥልጠና ተቋም ለ2017/18 ባወጣው የወጪና ጥቅም ጥናት፣ በሁሉም ሙያዎች አማካይ ለአንድ ለማጅ በዓመት ወደ 21,000 ዩሮ ገደማ ይወጣል፤ ለማጁ በሚሠራው ሥራ የሚመለሰው ወደ 14,000 ነው። ቀሪው የድርጅቱ የተጣራ ወጪ ሲሆን፣ አዲስ ሰው በማፈላለግ፣ በመመዘንና በማለማመድ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ሊካካስ ይችላል። ዳሮን አሴሞግሉና ዮርን ስቴፈን ፒሽከ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀርመንን ለማጅነት መነሻ አድርገው ተጨማሪ ማብራሪያ አቅርበዋል። ያሠለጠነው ድርጅት የለማጁን ችሎታ ከማንም አብልጦ ስለሚያውቅና ሌላው ገበያ ይህን መረጃ ስለማያገኝ፣ ድርጅቱ ጥሩዎቹን ከምርታማነታቸው ባነሰ ደመወዝ ሊያቆያቸው ይችላል። ይህ ማብራሪያ በሶፍትዌር ዘርፍ ሙሉ በሙሉ መጽናቱ አጠራጣሪ ነው፤ ሥራውን ለሕዝብ ክፍት በሆነ የኮድ ማከማቻ የሚያኖር ወጣት ችሎታውን ማንም ሊያየው ይችላል። በአንጻሩ ዓመታት ያስቆጠረ የአንድ ድርጅት ኮድ ውስጡን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

መረጃውን ወደ ገበያው የሚያወጣው ሌላው አካል ፈተናው ነው። ፈታኙ አሠሪው ሳይሆን የኢንዱስትሪና ንግድ ምክር ቤቱ ያቋቋመው ኮሚቴ ሲሆን፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች በእኩል ቁጥር፣ ከእነርሱም ጋር የሙያ ትምህርት ቤት መምህር ይቀመጡበታል። የጽሑፍ ፈተናዎቹ ተደምረው የውጤቱን ግማሽ ይይዛሉ። ስልተ ቀመር በወረቀት ላይ በእጅ መጻፍን የሚጠይቀው ክፍል ለቢሮ ሥራ ባዕድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ግማሽ ግን በእውነተኛ ፕሮጀክት የሚገኝ ነው። ለማጁ በድርጅቱ ውስጥ አንድ ችግር መርጦ ዕቅዱን ለኮሚቴው ያቀርባል፤ ሲፈቀድለት ሰነዱን ጨምሮ በ80 ሰዓት ውስጥ ያጠናቅቃል፤ ከዚያም ገለጻ አድርጎ ስለ ውሳኔዎቹ ይጠየቃል። ይህ ድንጋጌ ድርጅቱንም ይገራዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ኮምፒዩተር ሲያዘዋውር የኖረ ለማጅ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሊያቀርብ አይችልምና።

ሥርዓቱ እንከን የለሽ አይደለም። በሕግ የተደነገገ የትምህርት ደረጃ መግቢያ ባይኖረውም መራጩ አሠሪው ስለሆነ፣ በተግባር ብዙዎቹ ለማጆች ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃ ማስረጃ የያዙ ናቸው። የሴቶች ድርሻም እጅግ አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ ለማጅነት ውልን ያውቃል፤ ውሉ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ እንዲሁም በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን ገንዘብ መግለጽ አለበት። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍም የጀርመንን ጥምር ሥርዓት የሚመስል የትብብር ሥልጠና፣ ከአሠልጣኙ ተቋም ውጭ የሚሰጥ የሙያ ብቃት ምዘናም አለ። የሶፍትዌር ተማሪዎች በብዛት የሚያውቁት ግን ጥቂት ወራት የሚቆየውን ኢንተርንሽፕ ነው። በዚህ ጊዜ ተማሪው የድርጅቱን ኮድ አንብቦ መረዳት ሲጀምር ጊዜው ያልቃል፤ ድርጅቱም ካፈሰሰው የነባር ፕሮግራመር ሰዓት ምንም ሳይመለስለት ይቀራል። የሶፍትዌር ለማጅ ትልቁ ወጪ ይህ ሰዓት ነው፦ የለማጁን ኮድ መስመር በመስመር ማየት፣ ስሕተቱ ከምን እንደመጣ አብሮ መፈለግ፣ ራስ በአንድ ሰዓት የሚጨርሱትን ሥራ ለማጁ በሁለት ቀን እስኪጨርስ መታገሥ። በሦስት ዓመት ውል ውስጥ ወጪው የሚከማቸው በመጀመሪያው ዓመት ሲሆን፣ ለማጁ ለድርጅቱ ጠቃሚ ሥራ መሥራት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።