ሊንክ ብቻውን አይበቃም

በሐዋሳ የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1976 ከተከፈተ የግብርና ኮሌጅ የተነሣው ዩኒቨርሲቲዋ በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2006 ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የደቡብ ክልል መቀመጫነቷም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ክልሉ ሲከስም አበቃ፤ ዛሬ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። መሥሪያ ቤት ሲፈርስ ወንበሩና የወረቀት ፋይሉ ተቆጥሮ ለተተኪው በርክክብ ይተላለፋል። ድረ ገጹን ቆጥሮ የሚረከብ ግን እምብዛም አይገኝም፤ የዶሜይኑ ክፍያ ሲቋረጥ ሪፖርቱም አዋጁም መከፈቱን ያቆማል። ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም፦ ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳወጣው፣ በ2013 ከነበሩ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አልተገኙም።

አብዛኞቻችን ጠቃሚ ገጽ ስናገኝ አድራሻውን ቴሌግራም ላይ ለራሳችን ልከን እንገላገላለን። ከመንፈቅ በኋላ የሚቀረን ለምን እንደተቀመጠ የማይናገር ሰማያዊ መስመር ነው። የሊንክ ማኅደር የሚባለው ከአድራሻው ጋር ርዕሱን፣ አዘጋጁን፣ የታተመበትንና የተቀመጠበትን ቀን፣ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሁሉም በላይ የገጹን ቅጂ የያዘ መዝገብ ነው። ዞቴሮ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የዚህን አብዛኛውን በአንድ ጠቅታ ይሠራል፤ ኋላ ለፍለጋ የሚረዳውን መለያ ቃል መምረጥ ግን የሰው ሥራ ነው። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ የሚያጠና ተማሪ «ሐዋሳ» ብሎ ብቻ ከመዘገበ፣ በቀድሞው አጻጻፍ «አዋሳ» ብሎ ሲፈልግ ጥናቱ አይወጣለትም። ሁለቱንም መጻፍ አለበት።

«ጉግል እያለ ምን አደከመን?» የሚል አይጠፋም። ጉግል የተሰረዘን ገጽ አያመጣም፤ ያስቀምጣቸው የነበሩትን የገጽ ቅጂዎች ለተጠቃሚ ማሳየትም በ2024 ትቷል። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የከፈተው የድረ ገጾች ቅጂ ማከማቻ፣ ዌይባክ ማሽን፣ የተሻለ መልስ ነው፤ ሆኖም ያልደረሰበትን ገጽ ከየት ያመጣል? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በደረሰበት የሳይበር ጥቃትም ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ሁሉን መሰብሰብ ቆሻሻ ማከማቸት ነው የሚሉት ግን እውነት አላቸው፤ ማኅደር የሚጠቅመው የማይረባው ሲጣልለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ተማሪዎች፣ ጽሑፉን ከማስገባታችሁ በፊት በዋቢ ዝርዝራችሁ ያሉትን አድራሻዎች አንድ በአንድ ዌይባክ ማሽን ላይ አስቀምጡ፤ ቅጂውንም በፍላሽና በሌላ ኮምፒውተር ያዙ።